«ማዳበል»፦ በአንድ መስመር አብረው ስለሚጓዙ መልእክቶችና ስለ አማርኛ ስያሜያቸው

ሀ/ መነሻ

የሙያ ቃልን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይጠብቀዋል። አንደኛው ለአንባቢ የማይገባ ቃል ማቅረብ ነው። ይህ ስሕተት ወዲያው ስለሚታወቅ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ አንባቢው ይጠይቃል፤ ወይም መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ሁለተኛው ስሕተት ግን ለአንባቢው እጅግ ግልጽ መስሎ የሚታይ፣ ዳሩ ግን ወደ ተሳሳተ ሐሳብ የሚመራ ቃል መምረጥ ነው። ይህኛው ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ተማሪው ቃሉን ሲያነብ የገባው ስለሚመስለው አይጠይቅምና።

የኮምፒዩተር መረቦችን የሚመለከቱ መጻሕፍትና የሥራ መምሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ይህ ሁለተኛ ዓይነት ስሕተት በተለይ የሚያሰጋበት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም በውጭ አገር ቋንቋ «መልቲፕሌክሲንግ» የሚባለው ነው። የቃሉ ፍች ባጭሩ ብዙ መልእክቶችን በአንድ መስመር አብሮ አሳልፎ፣ በመድረሻው ላይ እያንዳንዱን ለየባለቤቱ ማድረስ ነው። በዚህ ፍች ውስጥ ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ አንዱ አብሮ መጓዝ ሲሆን ሌላው ሳይደባለቁ መቆየት ነው። ለቃሉ የሚመረጠው የአማርኛ ስያሜ ሁለቱንም መያዝ ይኖርበታል፤ የፊተኛውን ብቻ ከያዘ ተማሪውን ያሳስታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነገሩን አሠራር ለቋንቋ ባለሙያና ለተርጓሚ በሚበቃ መጠን አብራርቶ፣ «ማዳበል» የሚለውን ቃል ለስያሜነት ከነምክንያቱ ማቅረብ፣ እንዲሁም ከእርሱ ጋር ተያይዘው ለሚመጡት ቃላት ያሉትን አማራጮች ማመዛዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ/ ዲጂታል ማስተላለፍ

ስለ ማዳበል ከመናገር በፊት በመስመሩ ላይ የሚተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በቀድሞው የስልክ አሠራር ኤሌክትሪኩ የተናጋሪውን የድምፅ ሞገድ እየተከተለ በሽቦው ላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ሽቦው በረዘመ መጠን ኃይሉ ስለሚደክም በየመንገዱ ማጉያ ይተከላል። ማጉያው ግን የተናጋሪውን ድምፅ ሲያጎላ በመንገድ ላይ የገባበትን ጫጫታ ጭምር ያጎላል፤ ስለዚህ መንገዱ በረዘመና ማጉያው በበዛ ቁጥር ጫጫታው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በዲጂታል አሠራር በመስመሩ ላይ የሚሄዱት የተቆጠሩ ምልክቶች ብቻ ናቸው። በቀላሉ ሁኔታ እነዚህ ምልክቶች ሁለት ሲሆኑ «0» እና «1» ተብለው ይጻፋሉ። በየመንገዱ የተተከለው መሣሪያ የደረሰው ምልክት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይፈርድና በአሮጌው ምትክ አዲስና ንጹሕ ምልክት ይልካል። በዚህም ምክንያት ጫጫታው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው አይወረስም።

ይህን ልዩነት የብራና መጻሕፍት አገለባበጥ በሚገባ ያስረዳል። ሥዕልን አይቶ የሚገለብጥ ሰው ከሥዕሉ ላይ ያረፈውን እድፍ ከሠዓሊው መስመር ለመለየት ይቸገራል፤ ቅጂ ከቅጂ በተገለበጠ ቁጥርም ጉድለቱ ይጨምራል። ቁም ጸሐፊ ግን ቀለሙ የደበዘዘ «ለ» ቢያጋጥመው ፊደሉን ያውቀዋልና በራሱ ብርዕ አጥርቶ ይጽፈዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው የፊደላቱ ቁጥር የተወሰነ መሆኑ ነው። ድብዘዛው ከመጠን ሲያልፍ «ሰ»ን «ለ» ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ ዲጂታል መስመርም እንዲሁ አንዳንዴ ይሳሳታል። ስለሆነም ከመልእክቱ ጋር ተቀባዩ ስሕተት መኖሩን የሚያውቅበት የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል።

ከዚህ ማብራሪያ ሁለት የስያሜ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በዲጂታል መስመር ላይ ምልክቱን እንደገና የሚጽፈውን መሣሪያ «ማጉያ» ማለት ተገቢ አይሆንም፤ የሁለቱ ሥራ ከላይ እንደታየው የተለያየ ስለሆነ «አዳሽ» የሚለው ቃል ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ «ዲጂታል» የሚለውን ቃል «አኃዛዊ» ብሎ መመለስ በመጀመሪያ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ምልክቶቹ በቁጥር የሚወከሉ ናቸውና። ሆኖም «አኃዛዊ መረጃ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ሕዝብ ቆጠራንና የምርት መጠንን ለመሳሰሉ በቁጥር ለሚገለጹ መረጃዎች አስቀድሞ ተይዟል። በኮምፒዩተር የተከማቸ ግጥም ዲጂታል ነው፤ «አኃዛዊ መረጃ» ግን ሊባል አይችልም። ስለዚህ በሕዝቡ አፍ የገባውን «ዲጂታል» መጠበቁ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ሐ/ መስመር፣ ቦይና ስፋት

በተለመደው የአማርኛ ንግግር «መስመር» ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። በምሰሶ ላይ የተዘረጋው ሽቦ መስመር ይባላል፤ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ግንኙነትም እንዲሁ መስመር ይባላል፤ «መስመሩ ተይዟል» ይባላልና። አንድ ሽቦ አንድ ንግግር ብቻ በሚያሳልፍበት ዘመን ይህ ምንም ችግር አልነበረውም። ማዳበል ሲመጣ ግን ሁለቱ መለያየት ግድ ይሆንባቸዋል፤ የማዳበል ፍሬ ነገሩ ከአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ግንኙነቶችን ማውጣት ነውና። ተርጓሚው ልዩነቱን ካልጠበቀ «በአንድ መስመር ውስጥ 24 መስመሮች ይገኛሉ» የሚል፣ አንባቢን የሚያስቆም ዐረፍተ ነገር ይጽፋል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ለሚታየው ሽቦ፣ ለብርሃን መስታወት ክርና ለሬዲዮ መንገድ «መስመር» የሚለውን ቃል ማቆየት፣ በውስጡ ለየብቻ ለሚከፈተው የግንኙነት መንገድ ደግሞ «ቦይ» የሚለውን መጠቀም ነው። ቦይ ውሃ የሚመራበት መንገድ ስለሆነ ምሳሌነቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ የውጭ አገሩ «ቻናል» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከውሃ መንገድ ስም የወጣ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ጥንድ «ስፋት» እና «ፍጥነት» ነው። አንድ መስመር ሊያሳልፍ የሚችለው የድግግሞሽ ወሰን ስፋት ይባላል፤ የሚለካውም በሄርዝ ነው። በአንድ ሴኮንድ የሚያልፉት ቢቶች ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ክሎድ ሻነን በ1948 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው አንድ መስመር ያለ ስሕተት ሊያሳልፍ የሚችለው ከፍተኛው የቢት ብዛት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በመስመሩ ስፋትና የምልክቱ ኃይል ከጫጫታው ኃይል ጋር ባለው ንጽጽር። ለምሳሌ 3,100 ሄርዝ ስፋት ባለው የስልክ መስመር ላይ የምልክቱ ኃይል የጫጫታውን 1,000 እጥፍ ቢሆን፣ ወሰኑ በሴኮንድ ወደ 30,900 ቢት ገደማ ይሆናል። ስፋቱ ሳይለወጥ ጫጫታው ቢጨምር ወሰኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ስፋትን «ፍጥነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሻነን የለያቸውን ሁለት ነገሮች መልሶ አንድ ያደርጋቸዋል።

መ/ አብሮ የማሳለፍ ዘዴዎች

በአንድ ሽቦ ብዙ መልእክት የማሳለፍ ጥረት ከኮምፒዩተር በፊት የተጀመረ ነው። የቴሌግራፍ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበረ፣ በተዘረጋው ሽቦ ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራ ሰው ትርፉ ታላቅ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን በ1874 በአንድ ሽቦ ላይ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት መልእክቶችን የሚያሳልፍ ዘዴ ሠራ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በ1876 ስልክን ለማስመዝገብ የበቃው በመጀመሪያ ይፈልግ የነበረው የተለያየ ቃና ያላቸውን የቴሌግራፍ ምልክቶች በአንድ ሽቦ ማሳለፍን ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የዳበሩት ዋና ዋና ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው በድግግሞሽ መከፋፈል ነው። የሰው ንግግር በስልክ ላይ እንዲሰማ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለው ወሰን ይበቃዋል። መስመሩ ከዚህ እጅግ የሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ ንግግር በተለየ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ተሳፍሮ ወደ ተለየ ከፍታ ይወጣል። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአንድ ንግግር 4,000 ሄርዝ ይመደብና 12 ንግግሮች ከ60 እስከ 108 ኪሎ ሄርዝ ባለው ወሰን ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በመድረሻው ላይ ማጣሪያዎች እያንዳንዱን ይለያሉ። የሬዲዮ ጣቢያዎች በአንድ አየር ላይ ሳይጋጩ የሚኖሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው። ሞገዱ ብርሃን በሚሆንበት በመስታወት ክር ላይም አሠራሩ ይኸው ነው፤ የተለያየ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ብርሃኖች በአንድ ክር ገብተው በወዲያኛው ጫፍ እንደ ቀስተ ደመና ቀለማት ይለያያሉ።

ሁለተኛው በጊዜ መከፋፈል ነው። በመስኖ በሚለማባቸው አንዳንድ የአማራ አካባቢዎች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው የቦዩን ውሃ ለገበሬዎች በተራ ያዳርሳል። ውሃው ከአንድ ምንጭ የሚወርድ ስለሆነ የዚህ ገበሬ ወይም የዚያ ገበሬ መሆኑ የሚታወቀው በተራው ብቻ ነው። በጊዜ የተከፋፈለ መስመርም እንዲህ ነው፤ ቢቱ የባለቤቱን ስም አይሸከምም፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዙሩ ውስጥ በያዘው ቦታ ነው።

ይህን ዘዴ በሥራ ላይ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ ነው። በ1874 ባስመዘገበው የቴሌግራፍ መሣሪያ የሚሽከረከር አከፋፋይ መስመሩን ለየጸሐፊው በተራ ይሰጥ ነበር። ጸሐፊው አምስት ቁልፎች ነበሩት፤ ተራው ሲደርስም ምቱን ጠብቆ መጫን ነበረበት። አምስቱ ቁልፎች 32 ዓይነት ጥምረት ስለሚሰጡ ለላቲን ፊደል በቅተዋል። የአማርኛ ፊደል ግን መሠረታውያኑ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆን ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ለመስጠት ቢያንስ ስምንት ቢት ያስፈልገዋል። ዛሬ በመረብ ላይ በሰፊው በሚሠራበት «ዩቲኤፍ ስምንት» በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በ24 ቢት ስለሚጻፍ «ሰላም» የሚለው ቃል 72 ቢት ሆኖ ይጓዛል።

ድምፅም በጊዜ ተከፋፍሎ እንዲተላለፍ ያስቻለው በቁጥር መለወጡ ነው። የድምፁ ሞገድ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በስምንት ቢት ይጻፋል፤ ስለዚህ አንድ ንግግር በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል። በ1962 በአሜሪካ በሥራ ላይ የዋለው «ቲ አንድ» የተባለው ሥርዓት የ24 ንግግሮችን ልኮች በየተራ ይደረድራል፤ 24 በ8 ሲባዛ 192 ይሆናል፤ የዙሩን መጀመሪያ የሚያመለክት አንድ ቢት ሲጨመር 193፤ ዙሩ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ሲደገም 1,544,000 ቢት። በአውሮፓ የጸናው ሥርዓት ደግሞ በየዙሩ 32 ተራዎች አሉት፤ 30ው ለንግግር፣ የቀሩት ሁለቱ ለዙሩ አጀማመርና ለጥሪ ማስተናገጃ ይውላሉ፤ ድምሩ በሴኮንድ 2,048,000 ቢት ነው። የዙሩን መጀመሪያ የሚያመለክተው ቢት ትንሽ ቢመስልም ሥራው ከባድ ነው፤ ተቀባዩ በአንድ ተራ ቢሳሳት የሁሉም ንግግር ወደ ሌላ ሰው ይሄዳልና።

ሦስተኛው በኮድ መከፋፈል ነው። በአንድ የገበያ ስፍራ ሁለት ሰዎች በአማርኛ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ፣ ሌሎች ሁለት በትግርኛ በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቋንቋ ይከታተላል፤ የቀረው ለእርሱ ጫጫታ ነው። በዚህ ዘዴ ምልክቶቹ ጊዜንም ድግግሞሽንም አብረው ይይዛሉ፤ የሚለያቸው እያንዳንዱ የተጻፈበት ኮድ ነው።

አራተኛው ለኮምፒዩተር መረብ ዋነኛው ሲሆን ስታቲስቲካዊ ዘዴ ይባላል። ቋሚ ተራ ጉድለት አለው፤ ባለ ተራው የሚልከው ባይኖረውም ተራው ባዶውን ያልፋል። ኮምፒዩተር ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብዙ ይልክና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ቋሚው ተራ ቀርቶ መልእክቱ በትናንሹ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የተቀባዩ አድራሻ ይጻፍበታል፤ መስመሩም ቀድሞ ለደረሰው ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከመጡ በማጠራቀሚያው ውስጥ ወረፋ ይይዛሉ፤ ማጠራቀሚያው ከሞላ የመጣው ቁራጭ ይጣላል። የዘዴው ስም «ስታቲስቲካዊ» የተባለው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይልኩም በሚል የዕድል ስሌት ላይ ስለቆመ ነው። ይህንንም «አኃዛዊ» ብሎ መመለስ ከላይ ከተነሣው ከዲጂታል ጋር ሊያጋጨው ስለሚችል በተውሶው መቆየቱ ይመረጣል።

ሠ/ «ማዳበል» ለምን ተመረጠ?

«መልቲፕሌክስ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥሬ ፍቹ «ብዙ እጥፍ» ነው። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ መመለስ አይጠቅምም፤ «እጥፍ» በአማርኛ በመጀመሪያ የሚያሳስበው መጠን በሁለት መብዛቱን ነውና። ከዚህ ቀጥለው ሊታሰቡ የሚችሉት ቃላት አራት ናቸው።

«ማባዛት» ለሒሳብ ስሌት ተይዟል፤ ከዚህም በላይ አንድን ጽሑፍ በብዙ ቅጂ ማውጣት ማባዛት ይባላል። አንዱን መልእክት ብዙ ማድረግ ደግሞ ብዙ መልእክቶችን በአንድ መስመር ከማሳለፍ ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል።

«ማጋራት» ከፊተኛው ይሻላል፤ መስመሩ የጋራ ነውና። ነገር ግን ሰፊ ነው፤ ፋይልንም፣ ፎቶግራፍንም፣ ወጪንም ማጋራት ይቻላል። የተጋራው ነገር ሲከፋፈል ማን ምን እንደያዘ አይናገርም።

«ማዋሐድ» በኬሚስትሪ ትምህርት ልዩ ቦታ አለው፤ የተዋሐዱ ነገሮች የየራሳቸውን ጠባይ ትተው አዲስ ነገር ይሆናሉ። ይህ ከተፈለገው ጋር ፈጽሞ አይስማማም።

«ማቀላቀል» ከሁሉም ይልቅ ወደ አፍ የሚቀርብ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋው እርሱ ነው። በድምፅ ቀረጻ ስቱዲዮ የክራር፣ የማሲንቆና የዘፋኙ ድምፆች በአንድ ላይ ሲቀላቀሉ አድማጩ አንድ ዜማ ይሰማል፤ ሥራው የተሳካ የሚባለውም ድምፆቹ ሲዋሃዱ ነው። በማዳበል ግን ሥራው የተሳካ የሚባለው ማንኛውም ድምፅ ከሌላው ጋር ሳይነካካ ሲደርስ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ስለሚችሉ በአንድ ስም መጥራቱ ለሠራተኛው አደገኛ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ መሐንዲስ ሊያነሣው የሚችል ተገቢ መቃወሚያ አለ። በድግግሞሽና በኮድ በሚከፋፈለው መስመር ላይ ምልክቶቹ በሽቦው ወይም በአየሩ ላይ በእርግጥ ተደምረው ነው የሚገኙት፤ ታዲያ «ተቀላቀሉ» ቢባል ምን ነውር አለው? መልሱ ስያሜው የተፈለገው ለዓላማው መሆኑ ነው። ምልክቶቹ የተደመሩት መልሰው እንዲለዩ በሚያስችል ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ባይኖር የሚቀረው ጫጫታ ብቻ ነበር። ስያሜው ሥርዓቱን ካላሳየ የነገሩን ዋና ክፍል ሳይሰይም ያልፋል።

እንግዲህ «ደባል» የሚለውን ቃል እንመልከት። ደባል በአንድ ቤት ከሌላው ጋር የሚኖር ሰው ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደባልነት የታወቀ ኑሮ ነው፤ ደባሎች በአንድ በር ይገባሉ፤ አንድ ጣራ ይጋራሉ፤ ነገር ግን የየራሳቸው ዕቃ፣ የየራሳቸው እንግዳ፣ የየራሳቸው ምስጢር አላቸው። በሩ የጋራ ቢሆንም ለአንዱ የመጣ እንግዳ ወደ ሌላው አይገባም። ቃሉ የጋራውንና የግሉን በአንድ ጊዜ ስለያዘ ተርጓሚው ከውጭ የሚጨምርበት ነገር አይኖርም። ግሡ «አዳበለ» ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር አብሮ ማድረግን የሚያሳይ፣ በንግግርም በጽሑፍም የሚሠራበት ቃል ነው።

ለማዳበል ተቃራኒ የሚሆነውም ቃል ከቋንቋው ውስጥ ይገኛል፤ እርሱም «መነጠል» ነው። አብሮ ከነበረው ለይቶ አንዱን ለብቻው ማድረግ መነጠል ይባላልና፣ «ማዳበል» እና «መነጠል» በሁለቱ የመስመር ጫፎች ላይ የሚሠሩትን ሁለት ሥራዎች በጥንድነት ይገልጻሉ።

ረ/ ተያያዥ ቃላት

የመሣሪያው ስም። አማርኛ ለመሣሪያ ብዙውን ጊዜ «ማጉያ»፣ «ማተሚያ» እንደሚባለው ያለውን አመል ይጠቀማል። በዚህ አመል የሚገኘው «ማዳበያ» ነው፤ ይሁን እንጂ ከ«ማዳበሪያ» በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለይ በኅትመት ስሕተት የቴሌኮሙኒኬሽን መምሪያ ወደ እርሻ መምሪያ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «በደለ፣ በዳይ» በሚለው አካሄድ የባለቤት ስም አውጥቶ «አዳባይ» ማለት ይሻላል። «አዳባይ» ከ«አደባባይ» ጋር በመልክ ቢቀራረብም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱ ስፍራ አይለዋወጡም። ጥንዱ «ነጣይ» ይሆናል።

የመልእክቱ ቁራጭ። ከላይ አድራሻ ተጽፎበት ይጓዛል ያልነው ቁራጭ በውጭ አገር ቋንቋ «ፓኬት» ይባላል። የዚህ ቃል ታሪክ ለቃል አውጪ ትምህርት ይሆናል። አሜሪካዊው ፖል ባራን በ1964 ባወጣቸው ጥናቶች ቁራጩን «የመልእክት ብሎክ» ብሎት ነበር። የዌልስ ተወላጅ የሆነው ዶናልድ ዴቪስ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1965 ወደዚሁ ሐሳብ በራሱ መንገድ ደረሰ፤ ስሙን ከመቁረጡ በፊትም በቤተ ሙከራው ያሉ የቋንቋ ባለሙያዎችን አማክሮ ቃሉ በሌሎች ቋንቋዎች አቻ እንዳለው አጣራ። በዓለም ላይ የጸናው የዴቪስ ቃል ሆነ፤ በ1969 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው አርፓኔት የተባለው መረብም በዚሁ ዘዴ የተገነባ ነው። ለአማርኛ «ጥቅል» እና «እሽግ» ይቀርባሉ። «ጥቅል» የስልክ ደንበኞች በየቀኑና በየወሩ ለሚገዙት አገልግሎት ስለዋለ «ጥቅሉ አለቀ» ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። «እሽግ» ግን ነጻ ከመሆኑም በላይ ይዘቱ ሳይከፈት በላዩ አድራሻ ተጽፎበት የሚጓዝ ዕቃን ያሳስባል።

ባውድና ቢት። የቦዶ ስም በመለኪያነት ቀርቷል፤ «ባውድ» በአንድ ሴኮንድ በመስመሩ ላይ የሚለዋወጡት ምልክቶች ቁጥር ነው። አንድ ምልክት ከአንድ ቢት በላይ ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ «ቪ ሃያ ሁለት ቢስ» በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራ ሞደም በሴኮንድ 600 ምልክቶች ይልካል፤ እያንዳንዱ ምልክት አራት ቢት ስለሚይዝ የሚተላለፈው 2,400 ቢት ነው። መለኪያዎቹን አንድ አድርጎ የሚተረጉም ሰው በዚህ ምሳሌ በአራት እጥፍ ይሳሳታል። ሁለቱም የዓለም አቀፍ መለኪያዎች ስለሆኑ ሳይተረጎሙ መቆየት ይገባቸዋል።

ዙር፣ ተራና ወረፋ። በጊዜ ለሚከፋፈለው መስመር «ተራ» ለአንድ ባለ ድርሻ የተመደበችው አጭር ጊዜ ናት፤ «ዙር» ሁሉም አንድ አንድ ተራ የሚያገኙበት ምልልስ ነው። ለስታቲስቲካዊው ዘዴ «ወረፋ» ይስማማል። ተራ ቋሚ ሲሆን ወረፋ በመጣው ሰው ብዛት የሚረዝምና የሚያጥር መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል፤ የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነትም ይኸው ነው።

ስለ ቃላት ጥሬ ፍች አንድ ማስታወሻ ይጨመር። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍቹ «ሽቦ» ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን ተንቀሳቃሽ ስልክ «ስልክ» ስንል የሚታወከን ነገር የለም። ስለዚህ ደባል ሰው መሆኑ፣ ቦይም ውሃ መሸከሙ ቃላቱን ለመሣሪያ እንዳንጠቀምባቸው አያግደንም።

ሰ/ የቀረቡት ስያሜዎች በሥራ ላይ

የስያሜዎች ብቃት የሚፈተነው በተርታ ሲዘረዘሩ ሳይሆን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አብረው ሲሠሩ ነው። ስለዚህ ከላይ የቀረቡትን ቃላት ይዞ የተጻፈ አጭር የመምሪያ አንቀጽ ለአንባቢያን ፍርድ እንደሚከተለው ቀርቧል።

«አዳባዩ 24 የንግግር ቦዮችን ተቀብሎ በአንድ መስመር ላይ በጊዜ ያዳብላቸዋል። በእያንዳንዱ ዙር ለየቦዩ አንድ ተራ ይሰጣል። በመስመሩ ላይ የተተከሉት አዳሾች የደከመውን ምልክት እንደገና ይጽፉታል። በመድረሻው ላይ ነጣዩ የዙሩን መጀመሪያ ካገኘ በኋላ ቦዮቹን ነጥሎ ለየተቀባያቸው ያስተላልፋል። ኮምፒዩተሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ ግን መልእክቱ በእሽግ እየሆነ በስታቲስቲካዊ ዘዴ ይዳበላል፤ መስመሩ በተጨናነቀ ጊዜ እሽጎቹ ወረፋ ስለሚይዙ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «አዳባይ»ን አውጥቶ «ማቀላቀያ»፣ «ቦይ»ን አውጥቶ «መስመር»፣ «ወረፋ»ን አውጥቶ «ተራ» የሚያስገባ አንባቢ እያንዳንዱ ለውጥ የቱን መረጃ እንደሚያስቀር በራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በገበሬው፣ በነጋዴው ወይም በቴክኒሻኑ አፍ የሰማ ተርጓሚም በዚሁ አንቀጽ ውስጥ አስገብቶ ቢፈትነው ለሥራው ጥቅም ይሰጣል።